የቢ ባርኬ በራድና የቢ ሲቲ ክዳን

በላሙ ደሴት ሰው ሰውን የሚያውቀው በአባቱ፣ በአያቱና በጀልባው ነው። ጎረቤቶቿ በአክብሮት «ቢ» የሚሏት ባርኬ ግን ሰው የምታውቀው በሲኒው ነበር። የአንዲት ሴት ስም ሲነሳ፣ «የትኛዋ? ያቺ ሳህኗ ጠርዙ ላይ የተሸረፈባት?» ብላ ትጠይቃለች። ሴትየዋ የልጅ ልጅ ብታይ፣ መካ ደርሳ ብትመለስ፣ ለባርኬ ሳህኗ የተሸረፈባት ሴት ናት። ለቅሶ ቤት ስትገባ አፏ ዱዓ ይደግማል፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉትን መደርደሪያዎች ከታች ወደ ላይ ይወጣቸዋል።

ጥንት በሸራ መርከብ ከቻይና የመጡት የሻይ ሲኒዎች፣ ሳህኖችና በራዶች የሚቀመጡት እነዚያ መደርደሪያዎች ላይ ነው። ሻይ የሚጠጣባቸው የለም፤ ሻይ የሚቀዳው ከፔርሙስ ነው። የእነሱ ሥራ ሌላ ነው። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ እነሱ ላይ ያርፋል፤ ክፉ ዓይን ከሆነም ክፋቱን እዚያው አራግፎ፣ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ባዶውን ይሆናል። አንድ ሲኒ እንዲሁ ያለ ምክንያት ቢሰነጠቅ የቤቱ ሴት አልሐምዱሊላህ ትላለች። በልጄ ላይ የመጣው በሲኒዬ አለፈ ማለት ነው።

ባርኬ ያላት አንድ ልጅ ናት፤ ሹፋ። አባቷን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ባርኬ ግድግዳውን መሙላት ጀመረች። ሹፋ ባስነጠሰች ቁጥር አንድ ሲኒ ትገዛለች እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል፤ ብዙም አልተሳሳቱም። የፈረሰ ቤት ዕቃ ሲወጣ ከሌሎቹ ቀድማ ትደርሳለች። ሲኒውን በጥፍሯ ነካ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ወደ ብርሃን አንስታ ስንጥቅ ትፈልጋለች፤ ከዚያ እንዳልወደደችው ፊቷን አጨማዳ ትገዛዋለች።

ከሁሉም የምትሳሳላት ግን በራዷ ነበረች። ነጭ ናት፤ ሆዷ ላይ ሮዝ አበባና ጭራው የረዘመ ወፍ ተስሎባታል፤ እጀታዋ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። ጉድለቷ አንድ ነው፣ ክዳን የላትም። ባርኬ ትንሽ ሳህን ገልብጣ እንደ ኮፍያ ደፍታላት ነበር። ወደ ሞምባሳም ሆነ ወደ ዛንዚባር የሚሄድ መርከበኛ ሁሉ ክዳን እንዲፈልግላት አደራዋን ይዞ ነው የሚሄደው። ያመጡላት ክዳን ቅርጫት ይሞላል፤ አንዱም አልገጠመም። አንዱ የቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ይዞላት መጥቶ ነበር፤ እሱን እስካሁን ሰላም አትለውም።

ባለፈው ዓመት ላሊ የሚባል ጀልባ ሠሪ ሹፋን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሹፋ ወዳዋለች፤ ባርኬ ግን እምቢ አለች። ልጁ የሻርክ ዓሣ ዘይት ይሸታል አለች፤ ጀልባ ሠሪዎች እንጨቱን የሚቀቡት በእሱ ነውና እውነቷን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከሆዷ አልወጣም። ባሕሩን የሚነካ ሰው ዳግመኛ ወደ ቤቷ እንዲገባ አልፈለገችም።

ታዲያ አንድ ቀን የላሊ እናት ቢ ሲቲ ከደረጃ ወድቀው እግራቸው ዞረ ተባለ። ቂም ቢኖርም በሽተኛ ይጠየቃልና ባርኬ ሄደች። ቢ ሲቲ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ስለ ቁርጭምጭሚታቸው ሲያወሩ፣ የባርኬ ዓይን እንደ ልማዱ ግድግዳውን መውጣት ጀመረ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ተራ የስኳር ማስቀመጫ አለ። ማስቀመጫው ላይ ክዳን ተከድኗል። ክዳኑ ላይ ሮዝ አበባ፤ ከአበባው አጠገብ ጭራው የረዘመ ወፍ።

«ምነው ቢ ባርኬ፣ ፊትዎ ተለወጠ» አሉ ቢ ሲቲ።

«ለእግርዎ አዝኜ ነው» አለች ባርኬ፣ ዓይኗን ከክዳኑ ሳትነቅል።

ቤቷ ስትደርስ ቀሚሷን እንኳ ሳትለውጥ ለሹፋ፣ ላሊ ጥሩ ልጅ እንደሆነ ነገረቻት። ሹፋ የሻርክ ዘይቱስ ብላ ብትጠይቃት ሳሙና አለ አለቻት። ባሕሩስ ብትላት ባሕር የሚወስደው መርከበኛን ነው፣ እሱ የሚሠራው የብስ ላይ ነው ብላ መለሰችላት። ሹፋ ተነስታ እጇን የእናቷ ግንባር ላይ አደረገች፤ ትኩሳት አልነበራትም።

ነገሩን የሚያመላልሰው የባርኬ ታላቅ ወንድም ፋማው ሆነ። ፋማው ጉልበቱን የሚያመው፣ ሻይ የሚወድ፣ ሰላማዊ ሰው ነው። ጥሎሹን በአንድ ከሰዓት ተስማምቶ ጨረሰ፤ ልብሱም ሽቶውም አላጨቃጨቀም። ሊነሳ ሲል ግን እህቱ ያዘዘችውን ጨመረ። ሙሽራው ሲመጣ የስኳር ማስቀመጫውን ክዳን ይዞ ይምጣ።

ቢ ሲቲ መጀመሪያ ሳቁ። ክዳኑን ከሰጠሁ ስኳሩን ከጉንዳን ማን ይጠብቅልኛል አሉ። ቀጥለው ግን ለምን እንደተፈለገ ጠየቁ፤ ፋማውም ዋሽቶ ስለማያውቅ ስለ በራዷ ነገራቸው። ሳቃቸው ጠፋ። ክዳኑ የአያታቸው ነበር፤ አያታቸው በራዷን ሲፈልጉ ሞቱ፣ እናታቸው ሲፈልጉ ሞቱ፣ እሳቸውም ሲፈልጉ አረጁ። እንግዲያው አሉ፣ ክዳኑ ወደ በራዷ ከሚሄድ በራዷ ወደ ክዳኗ ትምጣ። ልጆቹም እዚሁ እኔ ጋ ይኑሩ።

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በላሙ ወንዱ ነው ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው፤ ሴት ልጅ ከእናቷ ግድግዳ አትርቅም። ባርኬ ይህን ስትሰማ ቁጭ ባለችበት ቀረች። ልጄንም በራዴንም አለች። ቢ ሲቲም በበኩላቸው ልጄንም ክዳኔንም ብለው ላኩ። ፋማው ሲሄድ፣ ፋማው ሲመለስ ወራት አለፉ። በጠባቡ መንገድ ላይ የተጫኑ አህዮች እያጋጠሙት ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ያሳልፋቸዋል።

«አህያ አደረጋችሁኝ» አለ አንድ ቀን፣ ደጁ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እያሸ። «አህያ እንኳ የሚጭኑት ነገር አለው። እኔ የምመላለሰው የማይመጣ ክዳንና የማትሄድ በራድ ተሸክሜ ነው።»

ሹፋ ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ነበረች። እስከዚያ ቀን ሠርጓ የዘገየው በጥሎሽ ልብስ ይመስላት ነበር። አጎቷን አስገብታ ጠየቀችው፤ ፋማው ደግሞ እንዳልነው መዋሸት አይችልም።

በማግስቱ ባርኬ ከዓሣ ገበያ ስትመለስ ቤቱ የዝንጅብል ሻይ ይሸታል። ምንጣፉ ላይ ፋማው ተቀምጧል፤ በእጁ ከግድግዳ የወረደ ሲኒ ይዟል። ፊት ለፊቱ በራዷ ናት፤ በተከፈተ አፏ እንፋሎት ይወጣል።

ባርኬ ዓሣውን ጣለችው።

«ቁጭ በይ እማ» አለች ሹፋ ረጋ ብላ። «ክዳን ባይኖራትም ሻይ ትይዛለች። እኔም ክዳን ባይመጣልኝ ባል እይዝ ነበር።»

ሹፋ ለእናቷ ልትቀዳ በራዷን አነሳች፣ ዘንበል አደረገቻት። መጀመሪያ ትንሽ ሻይ ወረደ፤ ከዚያ ሻዩ የሚወርድበት የበራዷ መቅጃ ራሱ ከሆዷ ተነቅሎ ሲኒው ውስጥ ገባ። የቀረው ሻይ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ለካ አንድ ሰው ድሮ ሰብሯት፣ በሙጫ አጣብቆ ሸጧት ኖሯል። ሙጫው ትኩስ ነገር ሲነካው ለቀቀ። ባርኬ ያን ሁሉ ዓመት በየብርሃኑ ስታገላብጣት ያንን አላየችም።

ፋማው ሲኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እኔ ጠጥቼ ጨርሻለሁ» አለ።

ባርኬ እንደ ልማዷ፣ በልጄ የመጣው በዕቃዬ አለፈ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ልጇን አየቻት። ሹፋ መቅጃዋን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ የፈለገችው መናገር እንጂ መስበር አልነበረም። ከስታለች፤ ባርኬ መቼ እንደከሳች አላስተዋለችም። ዓይን ነው አለች በሆዷ፣ ይህ የሰው ዓይን ነው። የማን ይሆን ብላ ስታስብ፣ ለቅሶ ቤትም በሽተኛ ቤትም የሰው ግድግዳ ሲወጣ የኖረ አንድ ዓይን ብቻ ትዝ አላት። ጎንበስ ብላ ምንጣፉን መጥረግ ጀመረች።

በሠርጉ ወግ ሙሽራዋ ለሴቶች የምትታይበት ቀን፣ የከተማው ሴቶች ሁሉ መጥተው ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ያያሉ። መቅጃ የሌላት በራድ ደግሞ እጁን የተቆረጠ ሰው ትመስላለች። ይህን የሚጠግን ላሙ ውስጥ ማን አለ ብትል ፋማው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስንጥቅ መጠገን የሚያውቅ አንድ ልጅ አለ፣ የሻርክ ዘይት ይሸታል አላት።

ላሊ ከሥራ ሲወጣ የመሣሪያ ቅርጫቱን ይዞ መጣ። ሳያገባ ወደ ውስጥ መግባት አይችልምና መደቡ ላይ ተቀመጠ። በገመድ የምትሽከረከር ትንሽ መሰርሰሪያ አወጣ፤ በእሷው ነው የጀልባ ሳንቃ የሚበሳው። ባርኬ የመሰርሰሪያዋን መርፌ ስታይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ በጣቶቿ መሀል አየች። ላሊ ትንፋሹን ውጦ፣ ከሰሊጥ ያነሰ ቀዳዳ በዚህም በዚያም በሳ፤ በቀጭን የመዳብ ሽቦ መቅጃዋን ከሆዷ ጋር ሰፋት። ስንጥቁን ደግሞ በዘይትና በኖራ በተለወሰ ጥጥ ጠቀጠቀው፤ የጀልባ ሆድ እንደሚጠቀጠቀው ማለት ነው። ውኃ ሞላባት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ባሕር ያላስገባ ስፌት ሻይ አያስወጣም» አለ።

በራዷ የዓሣ ገበያ ሸተተች። ባርኬ ግን በጥንቃቄ ይዛት፣ ይህ ልጅ እንዲህ ያሉ እጆች ካሉት እሱ የሠራው ጀልባ ሰው አይሰምጥበትም ብላ አሰበች። ይህን ካሰበች በኋላ ዓይኗ ለምን እንባ እንደሞላ አልገባትም።

ላሊ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ አይቆጡኝ። ሰርቄ ነው ያመጣሁት። ስኳሩን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት መመለስ አለብኝ።»

ከቅርጫቱ ሥር ጨርቅ አወጣ፤ በጨርቁ ውስጥ ክዳኑ ነበር።

ባርኬ የክዳኑን መያዣ እንቡጥ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ በበራዷ አፍ ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑ አልቆመም። ክልንክ ብሎ ታች ወረደና የበራዷ ሆድ ውስጥ ተኛ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ላሊ በራዷን ዘቅዝቆ፣ ክዳኑን በጎኑ አዙሮ አወጣው። እንደገና ሞከሩት፤ እንደገና ክልንክ። ወፉም አበባውም ያው ነው፤ ጠባብ ነው እንጂ። የሌላ በራድ ክዳን ነው።

«የቻይና ሰዎች አንድ በራድ ሠርተው አልተኙም ማለት ነው» አለ ላሊ።

ከበሩ ጀርባ ሹፋ ስትስቅ ተሰማ። ሳቋ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ባርኬ በማግስቱ ፋማውን ጠርታ፣ ክዳኑ ስኳሩ ላይ ይቆይ፣ ጉንዳን ክፉ ነው በላቸው አለችው። ምንም አልፈልግም፤ ልጁ ይበቃኛል። ፋማው ተነስቶ እንደ ሹፋ እጁን ግንባሯ ላይ አደረገ። ከዚያ ጉልበቱን ረስቶ ሄደ።

ሠርጉ ተቆረጠ፤ ላሊም እንደ ወጉ ወደ ሚስቱ ቤት ሊገባ ነው። ባርኬ ያልጠረጠረችው ግን አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ቸርነት ሲመጣባቸው ቢ ሲቲ እንቅልፍ አጡ። ገበያው ሁሉ ባርኬ ስለ ልጆቹ ብላ ክዳኑን ተወች እያለ ያወራል፤ እሳቸውስ ምን ሊባሉ ነው? ሙሽራዋ የምትታይበት ቀን ደረሰ። ሹፋ በወርቅና በጃስሚን አጊጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ወጉ ሳትንቀሳቀስና ፈገግ ሳትል ተቀመጠች። ቤቱ በሴቶች ጢም ብሎ ሳለ ቢ ሲቲ እግራቸውን እየጎተቱ ገቡ። በእጃቸው በጥልፍ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል።

ባርኬ ጥልፉ ሳይገለጥ አወቀች።

ቢ ሲቲ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እኔም ልጄን ስሰጥ ክዳኑን አልሰስትም፣ የአያቴ ነው፣ ዛሬ ከበራዷ ጋር ይጋባ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ በራዷን ከመደርደሪያው አውርዳ ለባርኬ ሰጠቻት፤ ሌላዋ ግጠሚያት እንይ አለች። ሁሉም ቀረቡ።

ባርኬ ምን ታድርግ? አይገጥምም ብትል ላሊ ሰርቆ ማምጣቱ ይወጣል፤ ሴትየዋንም በከተማው ሴቶች ፊት፣ በልጃቸው ሠርግ ቀን ልታዋርድ ነው። ክዳኑን ወሰደች። የበራዷ አፍ ላይ አኖረችው። እንቡጡን ግን አልለቀቀችም።

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ባርኬ በራዷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ክዳኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆመች። መልሺያት እንጂ አሏት፤ ትንሽ ልያት አለች። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ባርኬ ቆማለች። ሃልዋ የሚባለው ተጣባቂ ጣፋጭ ታደለ፤ እሷ ድርሻዋን የምትቀበልበት እጅ የላትም። አንዲት አሮጊት፣ እዩዋት እንዴት እንደምትወዳት፣ አንድ እጇን እንኳ ልታነሳ አልቻለችም ብላ እንባዋን ጠረገች። ጣቷ ደነዘዘ። ከዚያም፣ ከኋላ የገፋት ሰው ነበር፣ ክልንክ አለ።

ዘፈኑ ድምፁን ዋጠው። አንድ ሰው ግን ሰማ። ዓይኗን የጨፈነችው ሙሽራ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሴቶቹ የእናቷ ቤት ትዝታ ነው ብለው አዘኑላት።

ሁለተኛም የሰማ ነበር። ቢ ሲቲ ቀረብ ብለው በበራዷ አፍ አዩ። ክዳናቸው ታች ተኝቷል። ቀና ብለው ባርኬን አዩ፤ ከዚያ የመዳብ ስፌቱን አዩ፤ ከዚያ አሸተቱ። የልጃቸውን ሥራ የማያውቁ እናት አይደሉም።

«አውቀሽ ነበር» አሉ በሹክሹክታ።

«አውቄ ነበር።»

«ለዚህ ነው የተውሽልኝ።»

«መጀመሪያ ለዚህ ነው» አለች ባርኬ። «ኋላ ግን ለእሷ ነው።» በአገጯ ሙሽራዋን አመለከተች።

ቢ ሲቲ በራዷን ተቀብለው፣ ጀርባቸውን ለሴቶቹ ሰጥተው፣ ክዳኑን አወጡ። ከሃልዋው ሳህን ላይ ዳጎስ ያለ ቁራሽ ቆረሱ፤ በጣታቸው እንደ ክር አድቦልብለው የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያ ጠቀጠቁት፤ አፉ ላይ አስቀምጠው ጫን አደረጉት። ክዳኑ ቆመ። ቢገለብጧትም አይወድቅም።

«ልጄ ከማን የተማረ ይመስልሻል?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ክዳኑን አልወስደውም። ልጁ ከሄደ እኔ ቤት ምን አለኝና እከድናለሁ?»

ባርኬ ሰማቻቸው። እስካሁን ስለ ቢ ሲቲ የምታውቀው አንድ የስኳር ማስቀመጫ ብቻ ነበር። «ራት እዚህ ነው የምትበይው» አለቻቸው። «በየቀኑ። ስኳሩንም ይዘሽው ነይ።»

በራዷ ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች። የከተማው ሴቶች እየመጡ ማሻ አላህ አሉ፤ ምን ያህል እንደገጠመች ተደነቁ። አንዷ ብቻ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል እንዴ ብላ ጠየቀች፤ ገበያው ቅርብ ነው አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ባርኬ ሙሽሮቹን ላለመቀስቀስ በእግሯ ጣት እየሄደች መጣች። ሁለቱ ግን ነቅተዋል፤ ከፔርሙስ ሻይ ቀድተው፣ ምንጣፉ ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ከወለሉ ጀምሮ፣ በየሲኒው መሀል እየተጠማዘዘ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወደ ላይ ይወጣል። በራዷ ጋ ሲደርስ ክዳኗን ዞሮ ከበባት።

ጉንዳን ነበር።

ባርኬ መጥረጊያ ልታመጣ ስትዞር ደጁ ተንኳኳ። ቢ ሲቲ ነበሩ፤ የስኳር ማስቀመጫውን በወረቀት ሸፍነው ይዘዋል፤ የመንገድ ጫማ አድርገዋል። ከባሕሩ ማዶ ሲዩ በምትባል መንደር ክዳን የጠፋባት በራድ ያላት አንዲት አሮጊት አለች ሲባል መስማታቸውን ነገሯት፤ ጀልባው ሳይሄድ ቶሎ በይ አሏት። ባርኬ ከባሏ ሞት ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም።

«ጀልባውን ማን ነው የሠራው?» ብላ ላሊን ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ባርኬ ሻርፗን አነሳች።